ለሁለት ሳምንት ሚሽን ወደ ደቡብ ኦሞ ለምትወጡ ወጣቶች፦ ከዝግጅት እስከ መልስ

በየክረምቱ ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማና ከሐዋሳ አጥቢያዎች ወጣቶች ሚኒባስና ኮስተር ተከራይተው ለአጭር ጊዜ ሚሽን፣ ማለትም ለወንጌል አገልግሎት ጉዞ፣ ይወጣሉ። አንዳንዱ ወደ ጋምቤላ፣ አንዳንዱ ወደ ቦረና፣ አንዳንዱ ወደ ደቡብ ኦሞ። እኔ የማውቀው ወደ ደቡብ ኦሞ የሚወስደውን የጂንካ ከተማ መስመር ነው። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ወጣት ተከትዬ ሄድኩ፤ ከዚያ ቡድን ይዤ ተመላለስኩ። ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ለመውጣት ለምታስቡ፣ በተለይ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡድን ለምትመሩ ነው።

ሁለት ሳምንት አጭር ነው። በሁለት ሳምንት ቋንቋ አይለመድም፣ የሰው ኑሮም አይታወቅም። እዚያ ያለውን ወንጌላዊ ማገዝ ግን ይቻላል። እሱ ዓመቱን ሙሉ በእግሩ እየዞረ የሚሠራውን ሥራ ለጥቂት ቀን ታግዙታላችሁ። ሥራው የእሱና የአጥቢያው ነው። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ከሦስት ወር በፊት፦ የሚጠራችሁ አጥቢያ ይኑር

ቀን ቆርጣችሁ "እንሂድ" አትበሉ። መጀመሪያ ጋባዥ ያስፈልጋል። ቃለ ሕይወትም፣ መካነ ኢየሱስም፣ ሙሉ ወንጌልም በየአካባቢው የሚያገለግሉ ወንጌላውያን አሏቸው። በቤተ እምነታችሁ የወንጌል ስርጭት ክፍል በኩል ጠይቁ። ስልክ ቁጥር ስታገኙ መሪው ራሱ ይደውል። ከወንጌላዊው ጋር ረጋ ብሎ ያውራ። እኔ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። በየትኛው ጊዜ ብንመጣ ሕዝቡ ሥራ ላይ አይሆንም? እጅ ያጠራችሁ በየትኛው አገልግሎት ነው? ከዚህ በፊት የመጡ ቡድኖች ያደረጉትና ባይደገም የምትሉት ነገር አለ?

ሦስተኛው ጥያቄ ወዲያው አይመለስም። እንግዳን ማስቀየም ነውር ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ደውላችሁ ከተግባባችሁ በኋላ ግን ይነግሯችኋል።

ይህን የተማርኩት ከራሳችን ስህተት ነው። በመጀመሪያው ጉዟችን ፕሮግራሙን አዲስ አበባ ተቀምጠን ጨርሰን ነበር። የሦስት ቀን ኮንፈረንስ፣ መዝጊያው ቅዳሜ። ቅዳሜ የጂንካ ትልቁ ገበያ መሆኑን ማንም አልጠየቀም። ሰዎቹ ግን መጡ። እናቶች የሚሸጡትን ትተው፣ ልጅ አዝለው ሰዓታት ተጉዘው መጡ። አንዲት እናት ለወንጌላዊው "የሳምንቱ ጨውና ሳሙና ቀረብን፣ ግን እንግዶቹ ከሩቅ መጥተዋል" ብለው እንደነበር የሰማሁት ከተመለስን በኋላ ነው። እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

ስለ ወላይታ የምትሰሙትን ታሪክም በዚህ ጊዜ አንብቡት። የውጭ ሚሲዮናውያን ወደ ወላይታ የገቡት በ1928 እ.ኤ.አ. ነው። ጣሊያን አገሩን ይዞ በ1937 እ.ኤ.አ. ሲያስወጣቸው ተጠምቀው የቀሩት አማኞች 48 ገደማ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ ጠበቃቸው። በመካከሉ የሠሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው። ተገርፈዋል፣ ታስረዋል። ከዚያም የወላይታ ወንጌላውያን ተራራውን እየወረዱ ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ አሪ ሄዱ። ዛሬ እናንተን የሚቀበላችሁ አጥቢያ የእነዚያ ሰዎች ፍሬ ሊሆን ይችላል። ወንጌልን ይዘን ልንደርስላቸው ነው ብላችሁ ስትጸልዩ ይህን አስታውሱ። ወንጌል ከእናንተ በፊት ደርሷል።

ወቅቱን በተመለከተ፦ በደቡብ ኦሞ ቆላ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። እንደገና ከመስከረም በኋላ ይጥላል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ክረምት ለቆላው ደህና ጊዜ ነው። ወደ አሪ ደጋ የምትወጡ ከሆነ ግን ጭቃ አለ፤ ቦቲ ያዙ።

ደብዳቤም አትርሱ። ከአጥቢያችሁ፣ ካስፈለገም ከቤተ እምነቱ ዋና ጽሕፈት ቤት፣ የተጓዦች ስም ዝርዝር ያለበት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዘጋጅ። ጋባዡ አጥቢያ ለወረዳው አስቀድሞ ያሳውቅ። እያንዳንዱ ሰው መታወቂያ ይያዝ። የመንገዱን ሰላም የምትጠይቁት ከዚያው ካሉ ሰዎች ነው። በመጨረሻው ሳምንት ደግማችሁ ጠይቁ። "አትምጡ" ካሉ አትሂዱ። የተከፈለው የመኪና ኪራይ ቢቃጠልም ይቃጠል።

ማን ይሂድ?

ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰው ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ አንድ መንደር ያጨናንቃል። ምግብ የሚያበስሉት፣ ውሃ የሚቀዱት፣ እንጨት የሚለቅሙት እዚያ ያሉ እህቶችና እናቶች መሆናቸውን አስቡ። ሃያ እንግዳ ማለት ለእነሱ የሁለት ሳምንት የጉልበት ሥራ ነው።

ስትመርጡ ድምፁ የሚያምረውን ወይም ስብከት የሚችለውን ብቻ አትዩ። በራሱ አጥቢያ ወንበር የሚደረድረውን፣ ከፕሮግራም በኋላ የሚጠርገውን ፈልጉ። በቤቱ ትንሽ ሥራ የሚከብደው ሰው እዚያ ሲሄድ አይለወጥም። በተለይ ሦስት ሰዎች እንዳይጎድሉ፦ ነርስ ወይም ጤና መኮንን፣ ሒሳብ የሚይዝ ታማኝ ሰው፣ ከመሪው ጋር እኩል የምትወስን አንዲት እህት። ሴቶች ልጆች ችግራቸውን ለወንድ መሪ የማይናገሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑትን ባትወስዱ እመክራለሁ።

ገንዘብ

መኪና፣ ነዳጅ፣ አልጋ፣ ምግብ፣ መድኃኒት ብላችሁ ጻፉና ከጠቅላላው ላይ አንድ አሥረኛ ለድንገተኛ ጨምሩ። የአስተርጓሚ አበልና የአብሳዮች ክፍያም ይግባ። ብዙ ቡድን ይህን ይዘለዋል። "በነጻ ነው የሚያገለግሉን" ይባላል። አስተርጓሚው ግን ያን ሁለት ሳምንት ማሳው ላይ አልነበረም። ሲመለስ ያልታረመ እርሻ ይጠብቀዋል። ክፍያውን በግል በእጁ አታስጨብጡት። ከአጥቢያው ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግራችሁ በእነሱ በኩል ይድረሰው። ጥሬ ብርም በበቂ ሁኔታ ያዙ። በቴሌብር ሁሉ ቦታ አይከፈልም።

ስልጠና፦ ስድስት ቅዳሜ

ለስድስት ሳምንት በየቅዳሜው ተገናኙ። ሁለት ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው አይሂድ። ይህን ሕግ ስታወጡ ጨካኝ ትመስላላችሁ፤ ግን መንገድ ላይ ያድናችኋል። ጸሎትና የቃል ጥናት እንዳለ ሆኖ፣ ሉቃስ 10ን አንድ ቅዳሜ ሙሉ አጥኑት። ጌታ ሰባዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ሲልክ ያቀረቡላችሁን ብሉ፣ ከቤት ወደ ቤት አትዘዋወሩ ይላቸዋል። የእንግድነት ሥርዓት ሁሉ እዚያ አለ። የተሻለ አልጋ ወዳለበት ቤት መዛወር ለሚያምራችሁ ቀን ይጠቅማችኋል።

ከዚያ ባህልና ቋንቋ። አሪ፣ ሐመር፣ በና፣ ፀማይ፣ ዳሰነች፣ ሙርሲ የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው። "የኦሞ ሰዎች" ብላችሁ አትጠቅልሏቸው። ከተማ ላይ አማርኛ ያግባባል። ገጠሩ ውስጥ በተለይ ከእናቶችና ከሽማግሌዎች ጋር አያግባባም። አዲስ አበባ ውስጥ ከአካባቢው የመጣ ተማሪ ወይም ሠራተኛ አይጠፋም። ጋብዙትና ሰላምታ፣ ምስጋና፣ "ስምህ ማነው"፣ "ይጣፍጣል"፣ "ይቅርታ" ያስተምራችሁ። ሃያ ቃል በቂ ነው። በስልክ ቅዱት፣ ታክሲ ውስጥ ስሙት።

ጤና

እዚህ ላይ ረዘም ልበል። ሰው የሚታመመው እዚህ ላይ በሚደረግ ስንፍና ነውና።

በአገራችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አብዛኛው ቦታ ወባ አለበት። አርባ ምንጭም ጂንካም ከዚህ በታች ናቸው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ደግሞ ለወባ የተለማመደ አካል የለውም። ከመሄዳችሁ ከአንድ ወር በፊት ሐኪም አማክሩ። መከላከያ መድኃኒት ካዘዘላችሁ እስከ መጨረሻው ውሰዱ። ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ይጀመርና በየቀኑ ይወሰዳል፤ ከተመለሳችሁ በኋላም ለ4 ሳምንት ይቀጥላል። ብዙ ሰው ቤቱ ሲገባ ያቆመዋል። ያኔ ነው የሚያመው። መድኃኒቱ ከምግብ ጋር ይወሰዳል፣ ፀሐይም ቆዳን ቶሎ እንዲያቃጥል ያደርጋል፤ ስለዚህ ኮፍያና ረጅም እጅጌ። ለነፍሰ ጡር አይሆንም።

የወባ ትንኝ በብዛት የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። አጎበር ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ከነገመዱ። ሌሎች "ችግር የለም" ብለው ያለ አጎበር ቢተኙም እናንተ ዘርጉ። የማታ ፕሮግራም ላይ ረጅም ሱሪ፣ ረጅም ቀሚስ፣ ካልሲ።

ቢጫ ወባንም አትርሱ። በ2013 እ.ኤ.አ. በደቡብ ኦሞ ተከስቶ የክትባት ዘመቻ ተካሂዶ ነበር። ክትባቱ መከላከል የሚጀምረው ከ10 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ በመነሻው ዋዜማ መከተብ ዋጋ የለውም።

ውሃ አፍሉ፣ ወይም ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሩ። ለተቅማጥ ኦአርኤስ ያዙ። አንዱ ፓኬት ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው፤ በግማሽ ሊትር አታወፍሩት። ካለቀ በአንድ ሊትር ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አድርጋችሁ በጥብጡ። ማንኪያው ሙልት ብሎ ሳይከመር፣ ልክ ልኩን።

ሌላም አለ። ነርሳችሁ የመድኃኒት ሻንጣ ይዛ ስትታይ ሰልፍ ይፈጠራል። ሰው ታሟል፣ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፣ ልብ ይነካል። ቁስል ማጠብና ማሰር ይቻላል። ታሪኩን ለማታውቁት ሰው አንቲባዮቲክ ማደል ግን ጉዳት ነው። ነገ ማን ይከታተለዋል? ይልቅ በያዛችሁት መኪና ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት። ከዚያ የሚበልጥ እርዳታ አይታየኝም።

መንገዱ

በሁለት ቀን ሂዱ። ከአዲስ አበባ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታችሁ በሆሳዕናና በሶዶ በኩል አርባ ምንጭ እደሩ። በማግስቱ በኮንሶና በቀይ አፈር ጂንካ ትገባላችሁ። ማታ አትንዱ። ከብት መንገድ ላይ ይተኛል። አርባ ምንጭ ላይ ጫሞ ሐይቅ ውስጥ ለመግባት የሚዳዳው ወጣት አይጠፋም። አዞ አለበት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት

ምንም ፕሮግራም አታድርጉ። ተቀመጡ፣ ቡና ጠጡ፣ ሽማግሌዎችን ሰላም በሉ። ሐመር መንደር ከገባችሁ ከቡና ገለባ የተፈላ መጠጥ በቅል ይቀርብላችኋል። ተቀበሉና ጠጡ። አሪ ጋር ቆጮ ይመጣል። ፊታችሁን አታጨማዱ። መብላት ያልቻለ ሰው ትንሽ ይቅመስና ያመስግን፤ ሆዴን አሞኛል ብሎ አይዋሽ።

በእነዚህ ሁለት ቀናት ሁለት ሁለት ሆናችሁ ወንጌላዊውን ተከተሉት። የሚጎበኛቸውን ሰዎች እዩ። እሱ ሲናገር ስሙ። በሦስተኛው ቀን ምን ልናግዝ ስትሉት የምትሰሙት መልስ በስልክ ከነገራችሁ የተለየ ይሆናል። አንድ ጊዜ የአጥቢያውን አባላት መዝገብ አብረን እንድንጽፍለት ጠየቀን። ሌላ ጊዜ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎችን እንድናሰለጥን። ሁለቱም ከኮንፈረንስ ይልቅ ዘልቀው ጠቅመውታል።

በአስተርጓሚ ማገልገል

ይህ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው። ስብከታችሁን ለአስተርጓሚው ከአንድ ቀን በፊት ስጡት። የሚያነባቸውን ጥቅሶች ንገሩት። አጭር ዓረፍተ ነገር ተናገሩና ቁሙ። ያልጨረሳችሁትን ሐሳብ አታስተርጉሙ፤ በብዙ ቋንቋ የዓረፍተ ነገሩ አቀማመጥ ስለሚለያይ ግማሹን ብቻ ሰምቶ መተርጎም አይችልም። ቅኔ፣ ሰምና ወርቅ፣ የአዲስ አበባ አራዳ ቋንቋ ይቅር። ስለ ሊፍትና ስለ ታክሲ ሰልፍ ምሳሌ አትስጡ። ስለ ከብት፣ ስለ ዘር፣ ስለ ውሃ ጉድጓድ ተናገሩ፤ ጌታም ያስተማረው በዚህ ነው። የሃያ ደቂቃ ስብከት በትርጉም አርባ ደቂቃ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ አዘጋጁ።

አይናችሁም ከሕዝቡ ላይ ይሁን። አስተርጓሚውን እያያችሁ "ንገራቸው" አትበሉ።

የጥሪ ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። አንድ ምሽት ከስብከት በኋላ "ጌታን መቀበል የሚፈልግ" ስንል ከአርባ በላይ እጅ ተነሳ። እኛ ተንበርክከን አለቀስን። በማግስቱ ወንጌላዊው ስም ሲመዘግብ አብዛኞቹ ለዓመታት የዚያችው አጥቢያ አባላት ነበሩ። እንግዳው እጅ አንሱ አለ፤ አክብረውት አነሱ። ከዚያ ወዲህ ጥሪውን የሚያደርገው ወንጌላዊው ነው። እሱ ፊታቸውን ያውቃል። ሪፖርታችን ላይም የእጅ ቁጥር አንጽፍም።

ልጆች

ልጆች ይከቧችኋል። ፍቅራቸው ቶሎ ነው፣ ሐዘናቸውም ያው። ማንም አገልጋይ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ቦታ አይሁን፤ ሁልጊዜ ሁለት ሰው። ልጅን ከመንደሩ ይዞ መውጣት፣ በማታ መጥራት፣ ለአንዱ ለይቶ ስጦታ መስጠት አይፈቀድ። ይህን ሁሉም ከመነሳቱ በፊት አንብቦ ይፈርም። "ለከርሞ እመጣለሁ" ብላችሁም ቃል አትግቡ። ልጅ ያን ቃል ይቆጥራል።

ካሜራና ስጦታ

በአካባቢው ለቱሪስት ፎቶ ማስከፈል ተለምዷል፤ በተለይ ሙርሲ ዘንድ። ሰዎቹ ስንት ዓመት እንደ ትርኢት ሲታዩ ኖረዋል። እናንተ ወንድምና እህት ሆናችሁ ነው የሄዳችሁት። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ስልክ ኪስ ውስጥ ይቆይ። በኋላ አስፈቅዳችሁ፣ አብራችሁ ቆማችሁ ተነሱ። ራቁቱን ያለ ልጅ፣ የታመመ ሰው፣ ሲጸልይ የሚያለቅስ ሰው አይነሳ፣ ቲክቶክ ላይም አይውጣ። የእናንተ ታናሽ ወንድም ቢሆን ትለጥፉታላችሁ?

አሮጌ ልብስ በማዳበሪያ ጭናችሁ መንገድ ላይ አትበትኑ። ግፊያ ይፈጠራል፣ ጉልበት ያለው ይወስዳል፣ ያልደረሰው ከወንጌላዊው ይቀየማል። እናንተ ትሄዳላችሁ፤ ቅሬታው ከእሱ ጋር ይቀራል። የምትሰጡት ካለ ለአጥቢያው መሪዎች ሰጥታችሁ እነሱ ለተቸገረው ያድርሱ። በአካባቢው ቋንቋ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ወይም ሐዲስ ኪዳን ካለ፣ የድምፅ ቅጂም ካለ፣ ከልብስ ይበልጣል።

የኦርቶዶክስ ጎረቤቶችን አክብሩ። የክረምት ጉዟችሁ ብዙ ጊዜ ከጾመ ፍልሰታ ጋር ይገጥማል፤ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሁለት ሳምንት ነው። በግ በዚያ ሰሞን ደጅ ላይ አይታረድ። ድምፅ ማጉያውንም ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው አታዙሩ። የሌላውን እምነት በመንቀፍ የሚጀምር ስብከት እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ በዚያ የሚኖሩትን አማኞች ያስከፍላል።

ከውጭ አገር ለምትቀላቀሉ

ከዋሽንግተን ወይም ከስቶክሆልም የምትመጡ፣ እዚያ የተወለዳችሁ ልጆችም ትኖራላችሁ። አማርኛችሁ ቢሰባበርም ተናገሩ፤ ሰው ደስ ይለዋል። የመግቢያ ፈቃዳችሁ ለምን ዓይነት ሥራ እንደሚፈቅድ ከጋባዡ ቤተ እምነት ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ። ዶላር በግል አትስጡ። አንድ ሰው ተለይቶ ሲሰጠው ከወንድሞቹ ይለያል። ሁሉም የሚተኛበት ላይ ተኙ።

ማታ ማታ

በየምሽቱ ከእራት በኋላ ግማሽ ሰዓት ቡድኑ ብቻውን ይቀመጥ። ዛሬ ምን አየን? ማንን አስቀየምን? ማን ደከመው? ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ጸብ ይመጣል። እንቅልፍ ያንሳል፣ ሆድ ይረበሻል፣ አንዱ ዕቃ አያጥብም። ፀሐይ ሳይጠልቅ ካልተነጋገራችሁት መድረክ ላይ አብሯችሁ ይወጣል።

ከተመለሳችሁ በኋላ

በሳምንቱ ተገናኙና ሒሳቡን ዝጉ። ለአጥቢያችሁ የምታቀርቡት ሪፖርት ላይ ወንጌላዊው ስለ ራሱ ሥራ የተናገረው በራሱ ድምፅ ይሰማ። የእናንተ ታሪክ አጠር ይበል። ከመመለሳችሁ በፊት ለአንድ ደቂቃ ብትቀዱት ይበቃል።

ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ከተመለሳችሁ ወር ቢያልፍም እንኳ፣ በዚያው ቀን ተመርመሩና ወባ ያለበት ቦታ እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል።

ከዚያ ስልኩን ተራ አውጥታችሁ ተከፋፈሉት። በየወሩ አንድ ሰው ወንጌላዊውን ይደውልለት። ምን እንጸልይ ብሎ ይጠይቀው፣ ልጆቹን በስም ጠርቶ ሰላም ይበላቸው። በሌላ ቀን ገጠር ስለሚሆን ኔትወርክ አያገኝም። ቅዳሜ ግን ጂንካ ገበያ ይወጣል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደውሉ።